ቸልተኝነት በቤትና በሕግ ፊት



ቸልተኝነት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚመስለን የሰነፍ ሰው ጠባይ ብቻ ነው። ነገር ግን ትጉህ የሚባለውም ሰው በቸልታ ይበድላል። በግቢው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ያስቆፈረ አንድ አባወራ እናስብ። ውሃው ወጣ፤ ቆፋሪዎቹም ዋጋቸውን ተቀብለው ሄዱ፤ የክዳኑ ነገር ግን ለነገ ተባለ። ሳንቃው ከአጥሩ ተደግፎ ሰነበተ። የጎረቤት ሕፃን ኳሱን ተከትሎ ቢገባስ?

አባወራው «እኔ ምን አደረግሁ?» ይል ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2029 ጥፋት በማድረግ ብቻ ሳይሆን ባለማድረግም እንደሚሆን ይናገራል፤ ስለዚህ ካሣ ሊከፍል ይችላል። ሕፃኑ የሞተ እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ ወደ ወንጀል ይሻገራል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 59 ሁለት ዓይነት ቸልተኛ ይለያል፤ አንዱ አደጋ ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ «አይደርስም» ብሎ የሚያልፍ ነው፤ ሁለተኛው ማወቅ ሲገባውና ሲችል ከቶ ያላሰበ ነው። በየመንደሩ የሚበዛው፥ በእኔ ግምት፥ ይህ ሁለተኛው ነው፤ «አላወቅሁም» ሲልም እውነቱን ነው። ሕጉ ግን በዚህ አይመለስም፤ ዕድሜውን፥ የኑሮ ልምዱን፥ ትምህርቱንና ሥራውን አይቶ፥ ሊጠነቀቅ ይገባው እንደ ነበር ይመረምራል።

እርግጥ በቸልታ የተሠራ ሁሉ በወንጀል አያስቀጣም፤ ሕጉ ለይቶ የደነገገው ብቻ ነው። ሰው መግደል ግን ከዚያው ውስጥ ነው። የአባወራችን ሥራ ከግማሽ ቀን አይበልጥም ነበር፤ ሚስማሩም ተገዝቶ በጓዳ ተቀምጧል።