እከክ በአብነት ትምህርት ቤት



ስለ እከክ በጉባኤ ፊት መናገር ለብዙዎቻችን አይመቸንም። ነገር ግን የአብነት ተማሪዎቻችን በአንዲት ጎጆ ተጠጋግተው ስለሚያድሩ አንዱን የያዘው ሁሉንም ያዳርሳል። እኛም እስካሁን የሚያሳክከውን ልጅ ብቻ ለይተን እናሳክም፣ አንዳንዴም ወደ ወላጆቹ እንመልስ ነበር። በዚህ ተሳስተናል።

የእከክ ተባይ ከቆዳ ሥር ገብታ እንቁላል ትጥላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከክ እስኪሰማው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ግን ለሌላው ያስተላልፋል። ስለዚህ የታመመውን ብናሰናብት ተባዩ በጎጆው ይቀራል፤ ልጁም ለእናቱ ቤት ይዞ ይሄዳል።

ምልክቱ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብትና በወገብ ዙሪያ የሚወጣ ሽፍታ፣ ሌሊትም የሚብስ ማሳከክ ነው። ጭርት ክብ ሆኖ ዳር ዳሩን ስለሚሰፋ ከዚህ ይለያል፤ መድኃኒቱም ሌላ ነው። በማከክ የቆሰለው ከመገለ ቸል አይባል፤ ኩላሊትን እስከ መጉዳት ሊደርስ ይችላል።

በጤና ጣቢያ ከሚታዘዙት አንዱ ፐርሜትሪን 5 በመቶ ቅባት ነው። የኔታንም ጨምሮ በጎጆው ያለ ሁሉ በአንድ ምሽት ከአንገት በታች መላ አካሉን ይቀባል፤ ጠዋት ይታጠባል፤ ከሳምንት በኋላ ይደግማል። ጠበል የሚጠመቅ ተማሪ ከተጠመቀ በኋላ ማታ ይቀባ፤ አለዚያ ውኃው መድኃኒቱን ያጥበዋል። ለከብት ወይም ለእህል የተዘጋጀ ፀረ ተባይ መቀባት ግን መመረዝ ነው።

የሰበካ ጉባኤው ድርሻ የሚከብደው ከዚህ ላይ ነው። ተማሪው ያለው አንድ ልብስ ነው፤ እርሱን በፈላ ውኃ ቢያጥበው ምን ለብሶ ያድራል? ስለዚህ ቀኑ ከመቆረጡ አስቀድሞ ማገዶ፣ ሳሙናና ለአንድ ሌሊት የሚሆን ንጹሕ መልበሻ ከምእመናን ይሰብሰብ። ደበሎ አይቀቀልም፤ በፌስታል ታስሮ ሳምንት ይቀመጥ፤ ተባዩ ከሰው ገላ ከተለየ ብዙውን ጊዜ ከሦስት ቀን በላይ አይኖርም።

ከሕክምናው በኋላ ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። መድኃኒቱ አልሠራም ብለን በየቀኑ አንቀባ። ከወር በኋላ አዲስ ሽፍታ ከታየ ግን ጎጆው በሙሉ እንደገና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።