እንከንን ከፊርማ በፊት መቁጠር፦ በአዲስ ሞኒተር ላይ ስለሚታዩ የሞቱና የተቀረቀሩ ነጥቦች



ለኮምፒዩተር ባለሙያ ከሚቀርቡት አቤቱታዎች መካከል በመጠኗ ከሁሉ የምታንሰው የአንዲት ነጥብ ጉዳይ ናት። አዲስ ሞኒተር ከካርቶኑ ወጥቶ፣ ከኤሌክትሪክ ጋር ተገናኝቶ፣ ገጹ ነጭ ሆኖ ሲበራ አንዲት ጥቁር ወይም ቀይ ወይም አረንጓዴ ነጥብ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ትታያለች። ሠራተኛው በጨርቅ ይወለውላታል፤ አትጠፋም። በጥፍሩ ይፍቃታል፤ አትለቅም። ከዚያ በኋላ ዓይኑ ከጽሑፉ ይልቅ እርሷን ይፈልጋል። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህች ነጥብ ምን እንደሆነች፣ መቼና በማን መቆጠር እንዳለባት፣ ቸል ስትባልም ዕዳዋ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ማስረዳት ነው። ለምሳሌነት የተመረጠችው ቴፒ ናት።

ቴፒ የተመረጠችበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ርቀቷ ነው። በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ የምትገኘው ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ የሚገኘው በዚያ ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረትም የክልሉ መቀመጫ እንዲሆኑ ከተመረጡት አራት ከተሞች አንዷ ሆናለች። ዩኒቨርሲቲና መሥሪያ ቤት ባለበት ሁሉ የኮምፒዩተር ግዥ አለ፤ ከአዲስ አበባ የተገዛ ሞኒተር በጅማና በቦንጋ በኩል ተጭኖ ቴፒ ከደረሰ በኋላ ስለ አንዲት ነጥብ ወደ ሻጩ ይመለስ ቢባል የመጓጓዣው ዋጋና የሚባክነው ጊዜ ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ቡናዋ ነው። የቡና አገር ሰው እንከንን መቁጠርና በቁጥሩ መሠረት መዋዋልን ከማንም በፊት ያውቃል። ይህ ዕውቀት ለሞኒተር ርክክብም የሚያገለግል መሆኑ ቆየት ብሎ ይታያል።

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ እንዲሉ በቅድሚያ የነጥቧን ምንነት መመልከት ይገባል። ፉል ኤች ዲ የሚባለው የተለመደ ሞኒተር በአግድም 1,920፣ በቁመት 1,080 ነጥቦች አሉት፤ በድምሩ 2,073,600 መሆናቸው ነው። እነዚህ ነጥቦች ፒክስል ይባላሉ። እያንዳንዱ ፒክስል ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ በሆኑ ሦስት ንዑሳን ነጥቦች የተከፈለ ስለሆነ የንዑሳኑ ብዛት 6,220,800 ይደርሳል። ከጀርባ የሚመጣውን ብርሃን የሚያሳልፈው ወይም የሚያግደው በሁለት መስታወቶች መካከል ያለው ፈሳሽ ክሪስታል ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ንዑስ ነጥብ ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ረቂቅ ትራንዚስተር ነው። ከስድስት ሚሊዮን በላይ ከሆኑት ትራንዚስተሮች አንዱ በፋብሪካ ሳለ ቢበላሽ ወይም በመስታወቶቹ መካከል ኢምንት ብናኝ ቢገባ ያ ንዑስ ነጥብ ትእዛዝ መቀበሉን ያቆማል።

ብልሽቱ ሁለት ዋና ዋና መልኮች አሉት። የሞተ ፒክስል የሚባለው በማናቸውም ጊዜ ጨልሞ የሚታየው ነው። የተቀረቀረ ፒክስል የሚባለው ደግሞ በአንድ ቀለም በርቶ የሚቀረው ነው። ሦስቱም ንዑሳን ነጥቦች በርተው ከቀሩ ነጥቧ ዘወትር ነጭ ትሆናለች። ይህ ልዩነት ከስክሪኑ አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። ቲ ኤን በሚባለው ዓይነት ትራንዚስተሩ ሥራ ሲያቆም ብርሃኑ ሳይታገድ ስለሚያልፍ ነጥቧ በርታ ትቀራለች፤ አይ ፒ ኤስና ቪ ኤ በሚባሉት ግን የብርሃኑ መንገድ ተዘግቶ ስለሚቀር ትጨልማለች። ስለዚህ አዲስ ሞኒተር ላይ ነጥብ በታየ ቁጥር የአካባቢውን ኤሌክትሪክ መዋዠቅ ወይም የተጠቃሚውን እጅ መውቀስ ትክክል አይሆንም። አብዛኛውን ጊዜ ነጥቧ ከፋብሪካ ጀምራ አብራ የመጣች ናት።

አምራቾች እንዲህ ያለውን ሞኒተር ለምን ለገበያ ያወጡታል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ የዋጋ ጉዳይ ነው። አንዲት ነጥብ የተበላሸችበት መስታወት ሁሉ ይጣል ቢባል የተረፈው ዋጋ ይንራል። በዚህም ምክንያት ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው 13406-2 በተባለው ደረጃ ሞኒተሮችን በአራት ክፍል መድቧል። አንደኛው ክፍል ምንም የተበላሸ ነጥብ አይፈቅድም። ሁለተኛው ክፍል በየአንድ ሚሊዮን ፒክስል 2 ዘወትር የበሩ፣ 2 ዘወትር የጨለሙ፣ 5 ደግሞ በንዑስ ነጥብ ደረጃ የተበላሹ ፒክስሎችን ይፈቅዳል። ይህ ለፉል ኤች ዲ ሞኒተር ሲሰላ 4፣ 4 እና 10 ያህል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2008 ይህን ደረጃ የተካው የ9241 ተከታታይም በክፍል የመመደቡን ሐሳብ አልተወውም። እንግዲህ ገዢው በጨረታ ሰነዱ ላይ ስለ ፒክስል አንዳች ነገር ካልጻፈ፣ ሁለት ሦስት ነጥብ ስላየ ብቻ ሞኒተሩ ከደረጃ በታች ነው ብሎ ሊከራከር አይችልም።

የቡናው ምሳሌነት እዚህ ላይ ይመጣል። ዓለም አቀፉ የስፔሻሊቲ ቡና ማኅበር ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በቆየው የደረጃ አወጣጥ መሠረት 350 ግራም ቅሽር ቡና በናሙናነት ይወሰድና እንከኑ ፍሬ በፍሬ ይቆጠራል። ለስፔሻሊቲ ደረጃ የሚበቃ ቡና ከከባድ እንከን አንድም ሊገኝበት አይገባም፤ ከቀላል እንከን ግን እስከ 5 ይፈቀድለታል። እንከኑም እኩል አይመዘንም። ሙሉ ለሙሉ የጠቆረ አንድ ፍሬ ብቻውን አንድ ከባድ እንከን ሲሆን፣ የተሰበረ ፍሬ ግን 5 ሲሞላ ነው አንድ ቀላል እንከን የሚባለው። ለሞኒተር የወጣው ደረጃም ዘወትር የበራውን፣ ዘወትር የጨለመውንና በንዑስ ነጥብ የተበላሸውን ለየብቻ የሚቆጥረው በዚሁ መንፈስ ነው። የቡና ነጋዴ ፍጹም የሆነ ጆንያ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ውሉ ላይ የሰፈረውን ቁጥር ነው። ቁጥሩንም የሚያረጋግጠው ገንዘብ ከመከፈሉ አስቀድሞ ነው።

በሁለቱ መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ጥቁር ፍሬ በለቀማ ይወገዳል፤ የሞተ ፒክስል ግን ከመስታወቱ ተለቅሞ አይወጣም። ስለዚህ በሞኒተር ረገድ የቆጠራው ጊዜ ይበልጥ ወሳኝ ይሆናል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አሠራር አዲስ ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፤ ከዚያም በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ በሠራተኛው ስም ይመዘገባል። ገቢው ሲፈረም ነጥቧ ካልተመዘገበች ሞኒተሩ በሰነድ ረገድ እንከን የለሽ ነው ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ያ ሠራተኛ ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ ለክሊራንስ ንብረቱን ይመልሳል፤ ያን ጊዜ ነጥቧ ብትታይ የፋብሪካው ጉድለት የእርሱ ጥፋት ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። አልነበረችም የሚለው ሰነድ ነው፤ ነበረች የሚለው ደግሞ ባዶ ቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ቢሆን ገዢው የተረከበውን ዕቃ እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። ሳይመረምር የፈረመ ተቋም ይህን መብቱን በገዛ እጁ ያጠብባል።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ኢንተርኔት በሌለበት ግምጃ ቤትም ሊከናወን ይችላል። በቅድሚያ ካርቶኑ እንዳልረጠበና እንዳልተጨፈለቀ ይታያል። ሞኒተሩ በዝናብና በብርድ ተጭኖ ወደ ሞቃትና እርጥበታማ ክፍል ከገባ ጤዛው እስኪደርቅ ድረስ አይበራም። ከዚያም ገጹ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ብዙ ጊዜ ነጥብ የተባለችው አቧራ ሆና ትገኛለችና። ቀጥሎ ሞኒተሩ በተሠራበት የፒክስል ብዛት ልክ እንዲሠራ ተደርጎ፣ በማናቸውም የሥዕል ፕሮግራም የተዘጋጁ አምስት ወጥ ቀለሞች፣ ማለትም ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ፣ በየተራ ሙሉውን ገጽ እንዲሸፍኑ ይደረጋል። በጥቁሩ ላይ የበሩት ነጥቦች፣ በነጩ ላይ የጨለሙት ይጋለጣሉ። ሦስቱ ቀለሞች ደግሞ የትኛው ንዑስ ነጥብ እንደተበላሸ ይናገራሉ፤ ቀዩ የሞተበት ፒክስል በቀይ ገጽ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል።

ነጥብ ከተገኘች ከሞኒተሩ መሆኗ ይረጋገጥ። የገጹ ምስል በኮምፒዩተሩ ተቀድቶ በሌላ ሞኒተር ላይ ሲከፈት ነጥቧ እዚያም ከታየች ጥፋቱ የፕሮግራሙ ወይም የምስል ካርዱ ነው። ሞኒተሩ በሌላ ገመድ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ሲገናኝ ነጥቧ በዚያው ቦታ ከቀረች ግን ጥፋቱ የራሱ ነው። በመጨረሻም የሞኒተሩ መለያ ቁጥር፣ የነጥቦቹ ብዛት፣ ዓይነታቸውና ቦታቸው፣ እንዲሁም ቀኑ በአንድ ወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ ፎቶግራፍ ተጨምሮበት ከሞዴል 19 ጋር ይያያዛል።

ነጥቧን ለማዳን ስለሚደረገው ጥረትም ሁለት ቃል መናገር ያሻል። የተቀረቀረ ንዑስ ነጥብ ቀለማትን በፍጥነት በሚያፈራርቅ ፕሮግራም አንዳንድ ጊዜ ይላቀቃል፤ ዋስትና ግን የለውም። ፕሮግራሙ ሲሠራ ብልጭታው የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጎዳ ስለሚችል ገጹ ወደ ግድግዳ መዞር አለበት። ትራንዚስተሩ የሞተበት ፒክስል በዚህ መንገድ አይነሣም። ገጹን በጣት ወይም በእስክሪብቶ ጫፍ መጫን በዙሪያው ያሉትን ጤነኛ ነጥቦች ሊያበላሽና የሻጩን ዋስትና ሊያፈርስ ስለሚችል፣ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ማንም ሊሞክረው አይገባም።

አንዲት ነጥብ ይህን ያህል መታሰቧ ለምንድን ነው የሚል ቢኖር ሥራው ይመልስለታል። የአንድ ፒክስል ስፋት በተለመደው የቢሮ ሞኒተር ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በተለመደው የጽሑፍ መጠን የአሥርዮሽ ነጥብም ከአንድ ወይም ከሁለት ፒክስል ብዙም አትበልጥም። የቡና መዝገብ የሚያመሳክር የሂሳብ ሠራተኛ በቁጥሮች መካከል የወደቀችን ጥቁር ነጥብ እንደ አሥርዮሽ ነጥብ ሊያነባት ይችላል። በፊደላችንም ቃልንና ዓረፍተ ነገርን የሚለዩት ነጥቦች ናቸው። የራጅ ምስል በሞኒተር በሚነበብበት ቦታ ጥንቃቄው ከዚህም ይበልጣል። ምስሉ ሲንቀሳቀስ ከቦታዋ የማትንቀሳቀስ ነጥብ የስክሪኑ እንጂ የሕመምተኛው እንዳልሆነች አንባቢው ማወቅ ይኖርበታል።

ስለዚህ ከሙያው ማኅበር አባላት የሚጠበቀው ሦስት ነገር ነው። የጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅ የሚፈቀደው የተበላሸ ፒክስል ብዛት በየዓይነቱ በቁጥር እንዲጻፍና ነጥቦቹ ከቁጥሩ ቢበልጡ የመልስ ጉዞውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን እንዲወሰን ማድረግ፤ በርክክቡ ኮሚቴ ውስጥ ተገኝቶ አምስቱን ቀለሞች በሻጩ ወኪል ፊት ማሳየት፤ ከውሉ ቁጥር በታች ሆነው የተገኙትን ነጥቦች እንኳ ሳይንቁ መመዝገብ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ይህ ሁሉ ለአንድ ሞኒተር ከሩብ ሰዓት ብዙም የማያልፍ ሥራ ነው። ያ ሩብ ሰዓት ከተነፈገ ግን ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ሲሄድ፣ ኮሚቴው ፈርሞ ሲበተን፣ ስለ ነጥቧ የሚጠየቀው ሞኒተሩ በስሙ የተመዘገበው ሠራተኛ ብቻ ይሆናል።