«ሽንቴ መጣ!» ትንንሽ ልጆችን ይዘን ወደ መጫወቻ ፓርክ ስንሄድ

  

የዛሬው ርዕሳችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ዒድ በደረሰ ቁጥር ስለ ዘካተል ፊጥር፣ ስለ ዒድ ሶላት፣ ዝምድናን ስለ መቀጠል እንነጋገራለን። ከሶላት በኋላ ልጆቻችንን ይዘን ወደ መጫወቻ ፓርክ ስንሄድ ስለሚገጥመን ነገር ግን የሚያነሳ የለም። የ2፣ የ3 ወይም የ4 ዓመት ልጅ ያላችሁ ምን ለማለት እንደፈለግን ገብቷችኋል። ልጁ ሰልፍ መሀል ቆሞ «ሽንቴ መጣ!» ሲል ነገሩ ያን ጊዜ ለማሰብ የዘገየ ነው።

እስቲ የዒድን ቀን በልጅ ዓይን እንየው። በማለዳ ተቀስቅሶ፣ ታጥቦ አዲስ ልብሱን ለብሷል። አዲስ አበባ ውስጥ ያለን ሰዎች ወደ ስታዲየም ስንጎርፍ እሱም በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ተክቢራውን እየሰማ ሄዷል። ከዚያ አያት ቤት፣ አክስት ቤት እየተባለ በየደረሰበት ለስላሳና ጁስ ጠጥቷል። ፓርኩ በር ላይ ሲደርስ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። በዚያ ላይ የለበሰው ሱፍ ቀበቶ አለው፣ ቁልፉ ጠባብ ነው። የእህቱ ቀሚስ ረጅም ነው፣ ከስሩ ታይት ተጨምሮበታል። እኛ ለፎቶግራፍ ያማረ ልብስ እንመርጣለን፤ ለልጁ የሚያስፈልገው ግን በራሱ እጅ በአንዴ ዝቅ የሚያደርገው ባለ ላስቲክ ሱሪ ነው። ሱፉን ለስታዲየሙና ለአያት ቤት ማልበስ፣ ወደ ፓርክ ስንሄድ መቀየር ይቻላል።

የልጁ አካልስ እንዴት ነው የሚሠራው? ሐኪሞች የልጅ የሽንት ፊኛ ምን ያህል እንደሚይዝ የሚገምቱበት ቀላል ስሌት አላቸው። በልጁ ዕድሜ ላይ 2 ይደምሩና በ30 ሚሊ ሊትር ያባዙታል። እንግዲህ የ3 ዓመት ልጅ ፊኛ የሚይዘው 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ብዙም አይበልጥም። ግማሽ ሊትር ውሃ የጠጣ ልጅ ምን እንደሚገጥመው ማስላት አያቅትም። ትልቅ ሰው ሽንቱ ሲመጣ ቀደም ብሎ ይሰማዋል፣ ሊቆይም ይችላል። ትንሽ ልጅ ግን በጨዋታ ተመስጦ ሳለ ስሜቱን አይሰማውም፤ ሲሰማው ደግሞ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ «ሽንትህ መጥቷል?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። ሸርተቴው ከፊቱ እየታየው «አዎ» የሚል ልጅ የለም። «አሁን ሁላችንም ሽንት ቤት ደርሰን እንመጣለን፣ ከዚያ ባቡሩን እንሳፈራለን» ማለት ይሻላል። ተራውም ጨዋታውም እንደማያመልጠው ካወቀ ይከተለናል።

ከቤት ሳንወጣ አንድ ጊዜ እንውሰደው። ፓርኩ ስንደርስ ትኬት ከመግዛታችን በፊት ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ እንወቅ፤ እሱንም ወስደን እናሳየው። ረጅም ሰልፍ ከመያዛችን በፊትም እንደዚሁ። ከምግብ በኋላ ደግሞ ሆድ ስለሚንቀሳቀስ፣ ልጅ በበላ በግማሽ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ዓይነ ምድር ቢመጣው አይግረመን። ወደ ቤት ለመመለስ ታክሲ ከመያዛችን በፊት ያለው ዙር ከሁሉም በላይ የሚረሳው ነው። በ2013 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው እንጦጦ ፓርክ የሚወጡ ቤተሰቦች ሌላም ነገር ልብ ይበሉ። ቦታው ከባህር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ ይበርዳል። ብርድ ደግሞ ሽንትን ያበዛል።

ልጁ ባይናገርም ሰውነቱ ይናገራል። እግሩን ያነባብራል፣ ባለበት ይዘላል፣ ተረከዙ ላይ ቁጢጥ ይላል፣ ወይም ሲጮህ የነበረው በድንገት ዝም ይላል። ይህን ያየ ወላጅ ምክንያት ሳይጠይቅ እጁን ይዞ ይሂድ። ሁለት አዋቂዎች ካሉ አንዱ ሰልፉን ይዞ ይጠብቃል።

አንዳንድ ወላጆች ነገሩን የሚገላግሉት ውሃ በመከልከል ነው። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። ፀሐይ ላይ የሚሮጥ ልጅ ውሃ ያስፈልገዋል። ሽንቱን አዘውትሮ የሚይዝና ውሃ የሚያጣ ልጅ ለሆድ ድርቀትና ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይጋለጣል፤ ሴት ልጆች ላይ ደግሞ ኢንፌክሽኑ ይበረታል። ውሃውን በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ እንስጠው። የሚቀነሰው ካፌይን ያለበት የኮላ መጠጥና ስኳር የበዛበት ጁስ ነው።

ከዳይፐር ገና የወጣ ልጅ ለዚያ ቀን ዳይፐር ቢደረግለት ነውር የለበትም፤ ሽንት ቤት መውሰዳችንን ግን አናቋርጥ። ወራት ያለ ዳይፐር የቆየውን ልጅ ግን ለአንድ ቀን ሽርሽር ብለን ወደ ኋላ ባንመልሰው ይመረጣል፤ ግራ ይጋባል።

ቤት ውስጥ ፖፖ የለመደ ልጅ ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት ሲያይ ይፈራል። ጉድጓዱ ውስጥ የሚወድቅ ይመስለዋል። ከኋላው ሆነን ጭኖቹን ይዘን ብንደግፈው ይረጋጋል። ከዒዱ ቀደም ብሎ ባሉት ሳምንታት በዘመድ ቤትና በመስጊድ ሽንት ቤት ብናለማምደው ደግሞ የተሻለ ነው። በቦርሳችን ውስጥ ሁለት ቅያሪ ሱሪ፣ ካልሲ፣ ሶፍት፣ ሳሙና፣ ለኢስቲንጃ የሚሆን በሃይላንድ የተሞላ ውሃ፣ የረጠበውን ልብስ የምንይዝበት ውሃ የማያሳልፍ ከረጢት ይኑር። ለእኛም አንድ ቅያሪ አይጥፋ፤ የሚያቅፈው ሰው ልብስም ይረጥባልና። የሚከፈልበት ሽንት ቤት ሊያጋጥም ስለሚችል ዝርዝር ብር እንያዝ። ሴት ልጅን ስናጥብ ከፊት ወደ ኋላ ነው፤ ይህን እጇን ይዘን ከአሁኑ እናስተምራት።

«ዛፉ ሥር ይሽና፣ ልጅ አይደል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች በሚመላለሱበት መንገድና በሚጠለሉበት ጥላ ሥር መጸዳዳትን እንደከለከሉ በሙስሊም ዘገባ ውስጥ ይገኛል። የፓርክ ዛፍ ጥላ ሌላ ቤተሰብ ሰሌን አንጥፎ የሚበላበት፣ አንዳንዴም የሚሰግድበት ነው። ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው ብላችሁ የምትሰጉ ክዳን ያለው ፖፖ ይዛችሁ ሂዱ፤ ይዘቱን ግን ሽንት ቤት ድፉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአንድ የዒድ ቀን የሚሽከረከሩት ፈረሶች ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ አንድ የ4 ዓመት የሚሆን ልጅ ሱሪው ላይ አመለጠው። አባቱ «አታፍርም? ትልቅ ሰው አይደለህም? ሰው ሁሉ እያየህ ነው!» ብሎ ጮኸበት። ሰው ሁሉ ያየው ግን አባቱ ከጮኸ በኋላ ነው። ልጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ተራው ደርሶ ፈረሱ ላይ ሲያስቀምጡትም አልሳቀም።

አንድ የገጠር ሰው መጥቶ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ውስጥ ሲሸና ሶሃባዎች ሊያስቆሙት ተነሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን እንዲተዉት፣ እስኪጨርስ እንዳያቋርጡት አዘዙ። ሲጨርስ አንድ ባልዲ ውሃ አስመጥተው ቦታው ላይ እንዲፈስ አደረጉ። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ያ ሰው ትልቅ ሰው ነበር፤ ቦታውም መስጊድ ነው። ታዲያ ለትንሽ ልጅ፣ ያውም መጫወቻ ቦታ ላይ፣ ምን ያስጮኸናል? ኡሙ ቀይስ ቢንት ሚህሰን (ረ.ዐ.) ገና ምግብ ያልጀመረ ሕፃን ልጇን ይዛ መጥታ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልብስ ላይ በሸና ጊዜም ውሃ አስመጥተው ረጩበት እንጂ ሕፃኑንም እናቱንም አላሳፈሩም።

ስለዚህ ልጁ ሲያመልጠው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «ምንም አይደለም፣ እንቀይር» ማለት ይበቃል። ሰው ከሌለበት ጥግ ወስደን፣ በነጠላ ወይም በሻርፕ ከልለን እንቀይረው። ዕድሜው ትንሽ ቢሆንም ሐያእ አለው፤ ሰው ፊት ማራቆት አይገባም።

እናቶች በዚህ ምክንያት ዙህርና አስር ያልፈናል ብለው ሲጨነቁ እንሰማለን። ምግብ የጀመረ ልጅ ሽንት ነጃሳ ስለሆነ የነካው ቦታ ይታጠባል። ልብስን ወይም እጅን ነጃሳ ነካው ማለት ግን ውዱእ ፈረሰ ማለት አይደለም፤ የነካውን ቦታ አጥቦ መስገድ ነው። ልጅ ሲያጥቡ ኀፍረተ ገላውን በእጅ ስለ መንካት በመዝሀቦች መካከል ልዩነት ስላለ የሰፈራችሁን ኡስታዝ ጠይቁ።

አባት ብቻውን ሴት ልጁን ይዞ የወጣ ጊዜስ? ይህ ብዙ አባቶችን ያስጨንቃል። የ4 ዓመት ልጅን ብቻዋን ወደ ሴቶች ሽንት ቤት መላክ ወይም ለማያውቋት ሴት «እባክሽ ውሰጂልኝ» ማለት ትክክል አይደለም፤ መልካም ሰው ብትመስልም። አባት ልጁን ይዞ ወደ ወንዶቹ ይግባ። ቀድሞ ውስጡን ይመልከት፣ ፊቷን ወደ ደረቱ አስጠግቶ በሩ ወደሚዘጋው ክፍል በቀጥታ ይውሰዳት። የአክስቷን ወይም የአያቷን አብሮ መሄድ ማመቻቸት ከተቻለ ደግሞ እሰየው። ሽንት ቤት መውሰድ የእናት ሥራ ብቻ ነው የሚሉ አባወራዎች ግን ይህን ክፍል ደግመው ቢያዳምጡት ደስ ይለናል።

ፍሎሪዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 በተከፈተው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በአራቱም ትልልቅ ፓርኮች ውስጥ ለትንንሽ ልጆች ብቻ የተዘጋጀ ቤት አለ። ዳይፐር የሚቀየርበት ጠረጴዛ፣ እናት ተገልላ የምታጠባበት ክፍል አለው፤ ዳይፐርና ሌላ አስፈላጊ ነገር የጎደለበት ወላጅም ገዝቶ ይወጣል። ዘመዶቻችን ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ሆነው የሚነግሩን ችግር ሌላ ነው። ውሃውን ራሱ የሚለቀው ሽንት ቤት ልጁ ሳይነሳ እየጮኸ ያስደነግጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ አልቀመጥም ይላል። መፍትሔው ልጁ እስኪነሳ ድረስ የማሽኑን ዓይን በቁራጭ ወረቀት መሸፈን ነው።

በከተማችን መጫወቻ ስፍራ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እኛ የዲዝኒን ያህል አንጠይቃችሁም። የሚቆለፍ በር፣ የሚበራ አምፖል፣ ለልጅ ቁመት ዝቅ ያለ የውሃ ቧንቧ፣ አባትም እናትም ከልጃቸው ጋር ሊገቡበት የሚችሉ አንድ ክፍል ብታዘጋጁ፣ ወደ ሽንት ቤቱ የሚያመላክት ምልክትም በየጨዋታው አጠገብ ብትሰቅሉ ይበቃናል። በዒድ ቀን ደግሞ ውሃው እንዳይቋረጥ በርሜል አስሞሉ።