ስልካችን ‹‹ጨና››ን እንዲሰማ

(በቀድሞ ተማሪዎች መሰባሰቢያ ላይ፣ ቦንጋ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ‹‹ስለ ሥራህ አውራ›› ብለውኛል። የእኔ ሥራ በአብዛኛው መጻፍ ነው፤ ቃለ ጉባኤ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት፣ ዕቅድ፣ ደብዳቤ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን የምጽፈው በጣቴ ሳይሆን በአፌ ነው። ስልኬን አጠገቤ አድርጌ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚሁ ነው። ምን እንደሚያተርፍ፣ የት ላይ እንደሚሰናከል፣ ከዚያም እዚህ አዳራሽ የተቀመጥን ሰዎች ምን ልናደርግለት እንደምንችል እናገራለሁ።

የጀመርኩት በቅንጦት አይደለም። የቀኝ እጄ አንጓ አብጦ ሐኪሙ ለስድስት ሳምንት ኪቦርድ እንዳልነካ አዘዘኝ። የሪፖርት ማስረከቢያው ቀን ግን የእኔን እጅ አይጠብቅም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ‹‹ለምን ለስልክህ አትነግረውም?›› አለችኝ። ነገርኩት። እጄ ከዳነ በኋላም ልማዱ አልለቀቀኝም።

እስቲ ነገሩን በሌላ በኩል እንየው። ተናግሮ ማስጻፍ ለእኛ አገር አዲስ ነገር ነው? አይደለም። ነገሥታቱ ቃላቸውን ይናገሩ ነበር፣ ጸሐፊ ይጽፍ ነበር። ‹‹ጸሐፌ ትእዛዝ›› የሚባለው ትልቅ ማዕረግ የመጣው ከዚህ ነው። ንጉሡን እንተወውና ወደ ፍርድ ቤት በር እንሂድ። ማመልከቻ ጸሐፊው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፣ ባለጉዳዩ አጠገቡ ቆሞ ይተርካል። ጸሐፊው የሰማውን ሁሉ አይጽፍም፤ ‹‹ይሄ አያስፈልግም››፣ ‹‹ቀኑን ንገረኝ››፣ ‹‹የአባትህ ስም በየትኛው ‹ሐ› ነው?›› ይላል። ይህን ሰው ልብ በሉልኝ። ሶፍትዌሩ የሚጎድለው የዚህ ሰውዬ ጥያቄ ነው፤ ስልኩ መልሶ አይጠይቅም፣ የመሰለውን ጽፎ ያልፋል።

ታዲያ ለምን እንጠቀምበት? ምክንያቱ ፊደላችን ነው። 33 ፊደል በሰባት ሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ እነ ‹ቋ› እና ‹ኳ› ሲጨመሩ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። የጽሕፈት መኪና የሠሩልን ሰዎች ይህን ሁሉ በጥቂት ቁልፎች ለማውጣት ብዙ ተቸግረዋል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን አንድ ፊደል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ መምታት አለብን። ስንቶቻችን ነን ታክቶን አማርኛውን በላቲን ፊደል የምንጽፈው? በድምፅ ሲጻፍ ግን በላቲን መጻፍ ቀረ፣ ፊደሉ ራሱ ይመጣል። ማየት ለተሳነው ተማሪ፣ እጁ ለተጎዳ ሰው፣ ኪቦርድ ለማያውቁ ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ደግሞ ጥቅሙ ከምቾት በላይ ነው።

ልጀምር ለምትሉ የለመድኩትን ላካፍላችሁ። አንደኛ፣ ማይኩን ከመንካታችሁ በፊት ዓረፍተ ነገሩን በሐሳባችሁ ጨርሱት። ‹‹እ… ምን ነበር… ማለቴ›› ብትሉ እሱንም ይጽፍላችኋል። ሁለተኛ፣ አትጩኹ፣ ቃልም አትቆራርጡ፤ ለጎረቤታችሁ እንደምታወሩት አውሩ። ሦስተኛ፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ብዙ ጊዜ በእጅ የሚገቡ ናቸው፤ ‹‹አራት ነጥብ›› ብትሉት ቃሉን ሊጽፈው ይችላል። አራተኛ፣ የሰው ስምና ቁጥር በድምፅ አትመኑት፣ በእጃችሁ ጻፉት። አምስተኛ የቦንጋ ምክር ነው፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ስልኩን ዝጉና ቡና ጠጡ። ያኔ የሚሰማው ዝናቡን ነው። በመጨረሻም የተጻፈውን ድምፅ እያወጣችሁ አንብቡ፤ ዓይን ያለፈውን ስህተት ጆሮ ይይዘዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። በብዙዎቹ መተግበሪያዎች የአማርኛው ድምፅ የሚተረጎመው ስልካችን ውስጥ ሳይሆን በኢንተርኔት ተልኮ ሩቅ ባለ ኮምፒውተር ላይ ነው። ስለዚህ የተማሪ ውጤት፣ የታካሚ ሁኔታ፣ የዲሲፕሊን ጉዳይ በዚህ መንገድ አይነገርም። መምህራን ይህን አደራ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። አንድ ቀን ስለ ጨና ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት እየተናገርኩ ነበር። ስልኬ ‹‹የጤና ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት›› ብሎ ጻፈ። ደገምኩት፣ ደገመው። ‹‹ጊምቦ›› ስል ‹‹ጊቢ›› ይላል። ‹‹ካፋ›› ስል ደግሞ ‹‹ከፋ›› ይላል፤ ሳይከፋን ከፋን እኮ! መጀመሪያ እንደ ቀልድ ለጓደኞቼ አሳየኋቸው። ቆይቼ ሳስበው ግን ቀልድ አልሆነልኝም።

ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ማወቅ ይጠቅማል። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር በቀላሉ ሲነገር ሁለት ነገር ይመዝናል። አንዱ፣ ‹‹ይህ ድምፅ የትኛውን ፊደል ይመስላል?›› የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ‹‹ይህ ቃል ከጎኑ ካሉት ቃላት ጋር አብሮ ሲሄድ ስንት ጊዜ አይቻለሁ?›› የሚለው ነው። ‹ጨ› እና ‹ጠ› ለጆሮ ይቀራረባሉ። ‹‹ጤና››ን በተማረበት ጽሑፍ ሺህ ጊዜ አይቶታል፤ ‹‹ጨና››ን ምናልባት አንድም ጊዜ አላየውም። ስለዚህ ወደሚያውቀው ያደላል። አልሰማም አይባልም፤ የሚሰማው ቀድሞ የተማረውን ነው። ከእኛ ወገን ግን ያስተማረው ሰው የለም።

ማስተማር ማለት ምን እንደሆነ የአማርኛው ታሪክ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ2005 ዶክተር ሰሎሞን ተፈራና የሥራ ባልደረቦቹ ለአማርኛ ንግግር መለያ የሚሆን የድምፅ ክምችት ይፋ አደረጉ። ለማስተማሪያ የሚሆነውን ክፍል ያነበቡት 100 ሰዎች ሲሆኑ፣ ርዝመቱ ወደ 20 ሰዓት ነበር። ከዚያ ዶክተር ማርታ ይፍሩ ሌላውን ችግር ያዘች። በአማርኛ ‹‹አልነገርናችሁም›› አንድ ቃል ነው፤ በውስጡ ግን አድራጊው፣ ተደራጊው፣ አሉታው ሁሉ አለ። ከአንድ ግስ የሚወጣውን የቃል ብዛት ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል? ስለዚህ ቃሉን ሙሉውን ሳይሆን ወደ ትንንሽ ክፍሎቹ ከፍሎ ማስተማር ይቻላል በሚለው ላይ ሠራች። ጎግል አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ነው፤ በዚያን ጊዜ ከተጨመሩት 30 ያህል ቋንቋዎች መካከል አማርኛና ስዋሂሊ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የእነዶክተር ሰሎሞን ቡድን የአማርኛ፣ የትግርኛ፣ የኦሮምኛና የወላይትኛ የድምፅ ክምችት አቀረበ።

ወላይትኛ ሲባል ጆሮዬ ቆመ። ወላይትኛ ኦሟዊ ቋንቋ ነው፤ ካፊ ኖኖም እንደዚሁ። ዘመዳችን ገብቷል ማለት ነው። ታዲያ እኛስ?

ካፊ ኖኖ ትንሽ ቋንቋ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የካፋ ዞን ሕዝብ ከ870 ሺህ በላይ ነበር፤ አብዛኛው በዚሁ ቋንቋ አፉን የፈታ ነው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጣል። ቢሮ ስንገባ ግን የክልላችን የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ምን ለማለት ነው፣ አንድ ገበሬ ስለ ጫካ ቡናው ወይም ስለ ማሩ በካፊ ኖኖ የነገረን በአማርኛ ተጽፎ ፋይል ውስጥ ይገባል። እግረ መንገዱንም ብዙ ነገር ይንጠባጠባል። የዛፉ ስም ‹‹አንድ ዓይነት አገር በቀል ዛፍ›› ሆኖ ይቀራል። ጫካው እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በውስጡ ያለው ዕውቀት ግን አሁንም የሚኖረው በሽማግሌዎቻችን አፍ ላይ ነው። ‹‹ኖኖ›› ማለት አፍም ነው፣ ቋንቋም ነው። አፍ ሲዘጋ ቋንቋው የያዘው አብሮ ይዘጋል።

መምህራን እንደምታውቁት ይህን ቋንቋ በመጽሐፍ መልክ ቀድመው የያዙት ሩቅ አገር ሰዎች ናቸው። ሊዮ ራይኒሽ ስለ ካፋ ቋንቋ የጻፈውን ቪየና ላይ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ፍሪድሪሽ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 ካፋ መጥቶ ያየውንና የሰማውን በሁለት ቅጽ አሳትሟል። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ቼሩሊም ስለ ቋንቋው አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። ሥራቸውን አመሰግናለሁ፣ ባይጽፉት ኖሮ የሚጠፋ ብዙ ነበር። ግን የአያቶቻችን ቃል ለእኛ የሚነበበው በጀርመንኛና በጣሊያንኛ ነው። አሁን ደግሞ ተራው የድምፅ ነው። ይህንንም ሌላ ሰው መጥቶ እስኪሰበስብልን እንጠብቅ?

ወደ ሒሳቡ እንግባ። የአማርኛው ጅማሬ 20 ሰዓት ነበር ብያለሁ። 20 ሰዓት 1200 ደቂቃ ነው። ለ100 ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው 12 ደቂቃ ይደርሰዋል። አሥራ ሁለት ደቂቃ! ቡና ተቆልቶ እስኪወቀጥ ከዚያ በላይ ይፈጃል። አንድ ሰው በዚህ ጊዜ መቶ ያህል አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ሊያነብ ይችላል። ይህ ብቻውን ነገ ካፊ ኖኖ የሚጽፍ ስልክ አይሰጠንም፤ ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ግን ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ መነሻ ይሰጠዋል። አማርኛም የጀመረው እንዲሁ ነው።

ሥራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንባቢዎቹ ሁሉም የቦንጋ ወጣቶች ከሆኑ ስልኩ የሚሰማው የቦንጋ ወጣቶችን ብቻ ይሆናል። ከዴቻ፣ ከጌሻ፣ ከአዲዮ፣ ከጨታ፣ ሴትም ወንድም፣ ሽማግሌም ልጅም ያስፈልጋል። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ዓረፍተ ነገሩ ይነበብላቸውና ይድገሙት። አጻጻፉም አንድ ይሁን። ካፊ ኖኖ በላቲን ስለሚጻፍ ረጅም አናባቢ በእጥፍ ፊደል ይታያል፤ ‹‹ኖኖ››ን አንዱ በእጥፍ ሌላው በነጠላ ከጻፈው ኮምፒውተሩ ሁለት ቃል ያደርገዋል። አማርኛ በ‹ሰ› እና በ‹ሠ›፣ በ‹ሀ› እና በ‹ሐ› የከፈለውን ዋጋ እኛ ገና ሳንጀምር መክፈል የለብንም። እዚህ ላይ የቋንቋ መምህራን ዳኛ ይሁኑን። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፈቃድ ነው። ድምፁን የሰጠ ሰው ለምን እንደሚውል ይነገረው፣ ካልፈለገ ይሰረዝለት። ክምችቱም ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ይቀመጥ እንጂ በአንድ ሰው ፍላሽ ውስጥ አይቅር፤ ፍላሽ የት የት እንደሚጠፋ እናውቃለን።

የሥራ ክፍፍሉ ከባድ አይደለም። የቋንቋ ክፍል ዓረፍተ ነገሮቹን ያዘጋጅ። የኮምፒውተር ክፍል መቅጃውን ይሥራ። እኛ የቀድሞ ተማሪዎች በየወረዳው ተበትነናል፤ አንዱ መምህር፣ አንዱ የግብርና ባለሙያ፣ አንዷ ነርስ ነን። እያንዳንዳችን አንድ አንባቢ ይዘን እንምጣ። የሚፈለገው ጸጥ ያለ ክፍል፣ የሚሠራ ስልክና ዝናብ የሌለበት ሰዓት ነው። የመጨረሻው እዚህ አገር አስቸጋሪ መሆኑን አውቃለሁ።

በመጪው መሰባሰቢያ ስንገናኝ ሪፖርቱን የማቀርበው እኔ እንድሆን ፈቃደኛ ነኝ። ስንት ሰው እንዳነበበ፣ ስንት ሰዓት እንደሞላ፣ ከየትኛው ወረዳ እንደጎደለ አቀርባለሁ። ሪፖርቱን እንደ ልማዴ በድምፄ ነው የምጽፈው፤ ‹‹ጨና››ን ግን ለጊዜው በእጄ እጽፋታለሁ። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ በሩ አጠገብ የስም መመዝገቢያ ወረቀት አለ። 12 ደቂቃችሁን እጠይቃለሁ።