ልጃችን አነበበ ወይስ በቃሉ ወጣው?

ለዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆቻችን ማንበብን እንዴት እየተማሩ ነው የሚል ነው።

በጉለሌ፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ የብዙ ሙስሊም ልጆች ውሎ ተመሳሳይ ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት ከግራ ወደ ቀኝ ሀ ሁ ይላሉ፤ ከዐስር ሶላት በኋላ መድረሳ ገብተው ከቀኝ ወደ ግራ አሊፍ ባ ይላሉ። ቤታቸው ስልጥኛ፣ ጉራጊኛ ወይም ኦሮምኛ የሚነገርባቸውም አሉ። አንዳንድ ወላጆች ሁለት ፊደል ሕፃኑን ያደናግረዋል ብለው ይሰጋሉ። የእኛ ስጋት ግን ሌላ ነው፤ ሁለቱንም ተምሮ አንዱንም ማንበብ ሳይችል የሚያድግ ልጅ አለና።

ይህ እንዴት ይሆናል? የአማርኛው ገበታ 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ተደርድረው 231 ይሆናሉ። ልጁ ይህን ሁሉ በዜማ ሲወርደው ስንሰማ ማሻአላህ እንላለን። ጣታችንን «ሙ» ላይ አሳርፈን ይህ ምንድን ነው ስንለው ግን ከ«መ» ጀምሮ ካልቆጠረ አያገኘውም። ጆሮው ተምሯል፣ ዓይኑ አልተማረም። መድረሳም እንዲሁ ነው። ከሱረቱ ናስ እስከ ሱረቱ ዱሓ በቃሉ የሚቀራ ልጅ፣ ያችው ሱራ ሙስሐፍ ላይ ስትቀርብለት ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ ይጠፋዋል። ሒፍዝ ትልቅ ኒዕማ ነው፣ ማንም አያሳንሰውም። ሆኖም ሒፍዝ ሌላ፣ ንባብ ሌላ።

የቀድሞዎቹ ለዚህ ዘዴ ነበራቸው። አቡጊዳ የሚባለው ገበታ ከ«አ» ቀጥሎ «ኡ»ን ሳይሆን «ቡ»ን፣ ከዚያ «ጊ»ን፣ ከዚያ «ዳ»ን ያመጣል፤ የለመዱት ዜማ እዚህ አያድንም። በየገጠሩ ቁርአን ቤት ደግሞ ደረሳው የዕለቱን ትምህርት በእንጨት ሎሕ ላይ ጽፎ ይቀራል፣ ሲጨርስ አጥቦ ሌላ ይጽፋል። እጅ የጻፈውን ዓይን አይስተውም።

እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ አራተኛና አምስተኛ ክፍል ሲደርስ ሳይንሱም ታሪኩም በጽሑፍ ይመጣበታል። ያን ጊዜ ሰነፍ የሚል ስም ይለጠፍበታል፤ ችግሩ ግን ከሦስት ዓመት በፊት የተጀመረ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እንጨምር። አማርኛ ሸዳ የለውም። በዐረብኛ የሚጠብቀው ፊደል ምልክት ተደርጎለት እናገኘዋለን። በአማርኛ ግን «ዋና» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ የውኃው ዋና ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ተቀዳሚ ማለት ነው። ይህን የሚለየው ትርጉሙ ብቻ ስለሆነ፣ ልጁ ያነበበውን ምን ማለት ነው ብሎ መጠየቅ የንባቡ አካል ነው።

በሲራ ኪታቦች እንደተዘገበው፣ በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ ከበድር ዘመቻ በኋላ ቤዛ የሚከፍሉት ያጡ ጽሕፈት አዋቂ ምርኮኞች እያንዳንዳቸው ዐሥር የመዲና ልጆችን አስተምረው ነፃ ወጥተዋል። ዐሥር ልጅ ለአንድ አስተማሪ! ዛሬ በአንድ ዑስታዝ ፊት ስንት ልጅ እንደሚቀመጥ ሁላችንም እናውቃለን። እያንዳንዱን ለብቻ አዳምጥ ብንለው ፍርድ አይሆንም። ስለዚህ ቀሪው ሥራ ወደ ቤት ይመጣል።

ብዙም ወጪ የለውም። ከካርቶን ትንንሽ ቁራጮች ቆርጠን በየአንዳንዱ አንድ ፊደል እንጻፍ። በአንድ ምሽት አምስት ይበቃሉ። አዘበራርቀን እናስቀምጥ፣ ልጁ እያነሳ ይጥራ፣ ከዚያ «ቤት»፣ «በሬ» እያለ ይግጠማቸው። ለዐረብኛውም ባ፣ ታ እና ሣን ጎን ለጎን ማድረግ ነው፤ ልዩነታቸው ነጥብ ብቻ ነውና እዚያ ላይ ይሳሳታሉ። ሲሳሳት ጨንገር አያስፈልግም፣ ነገ መልሶ ማሳየት ይበቃል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም የምትል እናትም ማድመጥ ትችላለች፤ ልጁ ካርቶኑን ከማየት ይልቅ ጣሪያ ጣሪያ እያየ ከሆነ በቃሉ እየወጣው ነው። በ1971 ዓ.ል. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ አያቶችም በየቤቱ አሉ፣ እነርሱን ማስቀመጥ ነው።

ከመግሪብ እስከ ዒሻ ካለው ጊዜ ሩብ ሰዓት፣ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ፣ ለዚሁ ትዋል። በሚቀጥለው ዝግጅታችን ኢንሻአላህ ከካርቶኑ ወደ መጽሐፍ እንዴት እንደምናሻግራቸው እንመለስበታለን።