ስሙ የተፋቀ ጊታር



ገበያ ላይ አንዲት ላም ስታዩ የፎገራ መሆኗን ለማወቅ ባለቤቷን አትጠይቁም። ቡራቡሬ ቀለሟንና አጭር ቀንዷን ታያላችሁ፤ ይበቃችኋል። ባለቤቷ ሌላ ቢል እንኳ ትስቁበታላችሁ። ዛሬ የምናወራችሁ ግን ስለ ላም ሳይሆን ስለ አንድ አሮጌ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው።

ወረታ ላይ አንድ ወጣት ጊታር ሊገዛ ተነጋግሮ ነበር። ሻጩ «ፌንደር ነው፤ የአሜሪካ ምርጥ፤ ስሙ ስለተፋቀ ነው የማይታየው» አለው። የጠየቀው ዋጋ የአንድ እርሻ በሬ ዋጋ ነው። የልጁ አባት ያሏቸው በሬዎች ደግሞ ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ከተሸጠ በምን ይታረሳል? አባትየው ከማታው ትምህርት የማይቀሩ ሰው ናቸውና «ልጆቼ፣ እስቲ እናንተ እዩልኝ» አሉን። ከመካከላችን አንዱ በዩኒቨርሲቲ ጊታር ይጫወት ስለነበር ሄድን።

መጀመሪያ ገላውን በጣታችን አንኳኳነው። እንደ ቅል ጮኸ፤ ውስጡ ባዶ ነው። የታወቁት የፌንደር ጊታሮች ከድፍን እንጨት የሚጠረቡ ናቸው። ብሎኑን ፈትተን ስናይ ይኸኛው ፊቱም ጀርባውም ማዞኒት ነው፤ የእንጨት ብናኝ ተጨፍልቆ የሚሠራ ስስ ጣውላ ማለት ነው።

ከአውታሮቹ ሥር ሁለት የሚያብለጨልጩ ቱቦዎች አሉ። የከተማ ሴቶች የከንፈር ቀለም የሚይዙበትን ዕቃ ይመስላሉ። መምሰል ብቻ እንዳይመስላችሁ! ዳንኤሌክትሮ የሚባል የአሜሪካ ፋብሪካ የከንፈር ቀለም ቱቦ እየገዛ ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ይከትበት ነበር። የብረቱ አውታር ሲንቀጠቀጥ በሽቦው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ያንን ድምፅ ማጉያው ያሳድገዋል። (የማሲንቆ ጭራ ብታስሩበት ዝም ይላል። ማግኔት ጭራን አያውቅም።)

ሳጥኑም የዋዛ አልነበረም። ድምፅ ማጉያው እዚያው ማስቀመጫ ሳጥኑ ውስጥ ተሠርቷል። እንዲህ ያለውን ጊታር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲርስ የሚባል ትልቅ የአሜሪካ መደብር «ሲልቨርቶን» በሚል ስም ይሸጠው ነበር። ሲርስ ራሱ ጊታር አይሠራም። ከዳንኤሌክትሮም፣ ከሃርሞኒም፣ ከኬይም፣ ከጃፓንም እያሠራ በራሱ ስም ይሸጥ ነበር። እንግዲህ ስሙ ባይፋቅ ኖሮም የሠሪውን ስም አናገኘውም ነበር።

ዘመኑስ? ድምፁን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው ማዞሪያ ጀርባ ላይ ቁጥር ተመትቷል። አባትየው አጎንብሰው ራሳቸው አነበቡት፦ 1376418። ፊደሉ የፈረንጅ ቢሆንም ቁጥሩ እኮ እናንተ የተማራችሁት ነው! 137 ማዞሪያውን የሠራው ሲቲኤስ የተባለ ኩባንያ መለያ ነው። 64 ማለት እ.ኤ.አ. 1964 ነው። 18 የዓመቱ 18ኛ ሳምንት ነው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1956 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ማዞሪያው መጋዘን ውስጥ ሊከርም ስለሚችል ጊታሩ ከዚያ ዘግይቶ ሊገጣጠም ይችላል። ማዞሪያው በኋላ ተለውጦስ እንደሆነ? ብየዳውን አየነው፤ አልተነካም። ዳንኤሌክትሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 ተዘግቷል። ስለዚህ ጊታሩ የእነዚያ ጥቂት ዓመታት ሥራ ነው።

ሻጩ «በሉ ድምፁን ስሙ» ብሎ የሳጥኑን ገመድ ሊሰካ ሲል እጁን ያዝነው። ሳጥኑ የተሠራው ለአሜሪካ መብራት፣ ለ110 ቮልት ያህል ነው። የእኛ 220 ነው። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ሳይኖር ቢሰካ ይቃጠላል፤ ሰውም ሊጎዳ ይችላል። ፌንደር ነው ብሎ የሚምል ሰው ይህን እንኳ አያውቅም ነበር።

ጊታሩ መጥፎ ነው አላልንም። ለጀማሪ በርካሽ የተሠራ ነው፤ አሁን አሮጌ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎችም ይፈልጉታል። ፌንደር ግን አይደለም። አባትየውም «ስሙን ካጣ የበሬዬንም ዋጋ ያጣል» አሉ። ሻጩ ተቆጣ፤ ቆይቶ ዋጋውን ቀነሰ። ልጁ አሁንም ይፈልገዋል፤ ክርክሩ አላለቀም። በሬው ግን ዛሬ ጠዋት ከጓደኛው ጋር ተጠምዶ ሲያርስ አይተነዋል።