ስለማይጮኸው ውሻ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ስለ ውሻ ስንናገር የምትስቁ ትኖሩ ይሆናል። ነገር ግን ነገሩ እኛን ስላስተማረን ለእናንተም ልናካፍላችሁ ወደድን።

ለመጨረሻው ፈተና ስንዘጋጅ መቻል የተባለው የግቢያችን ውሻ ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ እንቅልፍም ጥናትም ነሣን። ስለዚህ ተሰብስበን፥ ውሻው ከግቢ ይውጣልን፥ በምትኩም የማይጮኽ ዐይነት ይምጣልን ስንል ማመልከቻ ጻፍን። መምህራችንም አንብበው «ልጆቼ፥ የምትለምኑትን ነገር መጀመሪያ ዕወቁት» ብለው መለሱልን።

መጻሕፍት ስንመረምር ባሴንጂ የሚባለውን የኮንጎ ውሻ አገኘን። ጆሮው የቆመ፥ ግንባሩ የተሸበሸበ፥ ጅራቱ እንደ ቀለበት የተጠቀለለ ነው፤ ክብደቱም 10 ወይም 11 ኪሎ ያህል ነው። እንደ ድመት ገላውን በምላሱ ያጸዳል። እንደ ሌሎች ውሾች አዘውትሮ ስለማይጮኽ አዳኞች በጫካ ውስጥ ያለበትን ለማወቅ ከእንጨት የተሠራ ቃጭል ባንገቱ ያስሩለታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰዱት ብዙም ሳይቆዩ በበሽታ ሞቱ፤ በ1937 ግን ክራፍትስ በተባለው የውሻ ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታዩ።

በዚህ ደስ ሲለን ቀጥሎ ያነበብነው አሳሰበን። ባሴንጂ ፈጽሞ ድዳ አይደለም፤ ደስ ሲለው እንደ ዘፈን ያለ ድምፅ ያሰማል፥ ሲከፋውም ያለቃቅሳል። ብዙ ሩጫ ይፈልጋል፤ ብቻውን ከተተወ ያገኘውን ያኝካል፤ አጥርም ይወጣል። ሌባ ቢመጣም እንደ መቻል ጮኾ አይቀሰቅሰንም። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉት ለካ ታማኝነቱን ሲያመሰግኑ ነው!

ከዚያም መቻል ለምን እንደሚጮኽ ለማወቅ ሌሊት በተራ ተቀምጠን ተመለከትን። ቀኑን ሙሉ ባጭር ሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ማታ ወደ መኝታ ቤት የሚያልፍ ተማሪ ባየ ቍጥር ይጮኻል። ዘበኛውን «አባባ፥ ስለምን ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው «ድንጋይ የምትወረውሩበት እናንተ አይደላችሁም? ታዲያ በማን ላይ ይጩኽ?» አሉን። እውነት ነበርና መልስ አጣን። ከግቢ የተባረረ ውሻ መጨረሻው ምን እንደሚሆንም ሁላችንም እናውቃለን። ማመልከቻውን ቀደድነው።

አሁን በየማታው ሁለት ሁለት እየሆንን እናንሸራሽረዋለን፤ ቤቱንም ከመኝታ ቤታችን አርቀን በበሩ አጠገብ ሠራንለት። ፈጽሞ ዝም አላለም፤ ነገር ግን የሚጮኸው በሩ ሲንኳኳ ነው።

እንግዲህ ወላጆቻችን ሆይ፥ ዝምተኛ ውሻ ለመምረጥ ስታስቡ አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ የምትፈልጉት ለዘበኝነት ነው ወይስ ለጓደኝነት? የሚሮጥበት ስፍራ፥ የሚያሯሩጠውስ ሰው አላችሁን? ያላችሁትስ ውሻ የሚጮኸው ስለምንድን ነው?

እኛ በዚህ ዓመት ከዚህ ግቢ እንሰናበታለን። ታናናሾቻችን ሆይ፥ የማታውን ተራ ለእናንተ አስረክበናል። ድንጋይ ግን አትወርውሩበት።